የአደራው አልጋ ልብስ

ወደ ሴቨን ኮርነርስ ሰፈር በሚሄደው ባስ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አንደኛዋ ጭኗ ላይ ፌስታል ይዛለች።

«የልብስ ክሎዜቴን ሳጸዳ፣ ለዶኔሽን ልሰጥ ከለየሁት ልብስ መሀል ወጣ።»

«ምኑ?»

«ይሄ አልጋ ልብስ። ከአዲስ አበባ ስመጣ አንዲት እናት በእጃቸው ጠልፈው ‹ለልጄ አድርሺልኝ› ያሉኝ። ስድስት ዓመት ሆነው።»

«ውይ! ሳታደርሺ?»

«ረሳሁት። ደውለው ሲጠይቁኝ ደግሞ አፍሬ ‹አድርሻለሁ› አልኳቸው።»

«ልጅቷስ?»

«ትናንት ኮል አደረግኳት። ያኔ እናቷን ‹አልደረሰኝም› ብትላቸው አላመኗትም። ‹ንቀሽ ጥለሽው ነው› ብለው ተቀይመዋት፣ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።»

«ታዲያ ምን አለችሽ?»

«‹ሴቨን ኮርነርስ ፌርማታ ላይ እጠብቅሻለሁ› ብላ ስልኩን ዘጋችው።»

ፌርማታው ሲቃረብ ሴትየዋ ፌስታሉን እንዳቀፈች አልንቀሳቀስ ስትል፣ ወራጅ መኖሩን ለሹፌሩ የሚያሳውቀውን ገመድ እኔ ሳብኩት።