ባሕር ያስቀረው ሰው

ብላሲዩስ ከገበያ በደረቅ ዓሣ የለወጠውን በቆሎ ተሸክሞ የዓሣ ነባሪ አዳኞች መንደር ወደሆነችው ላማሌራ ሲመለስ፣ የወንድሙ ልጅ ቴክላ ዳገቱ ላይ ደረሰችበት። ሌላ መንገድ ቢኖር በታጠፈ ነበር። እሷ ከተማ ተምራ የመጣች የሃይማኖት መምህርት ናት፤ እሱ ሦስተኛ ክፍል ያቋረጠ። የተማረ ሰው ሲያናግረው ሁሌ ሊያርመው የመጣ ይመስለዋል።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? ከረጢቱን ልያዝልዎ?»

«ትከሻዬ ገና አልሞተም። እናትሽ ልካሽ ነው አይደል?»

«ማንም አልላከኝም፤ ጨው ለውጬ መመለሴ ነው። ካገኘሁዎ ግን ልናገር። ነገ ዛጎሉ እንዲቀበር ተቆርጧል፤ የቀረው የእርስዎ እጅ ብቻ ነው።»

አባቷ ኮንራዱስ ከጀልባ ጫፍ ቆሞ ዓሣ ነባሪ ሲወጋ ገመድ ጠልፎ ባሕር ውስጥ ጣለው፤ ሬሳው አልተገኘም። በላማሌራ ባሕር ላስቀረው ሰው በሬሳው ፋንታ ነጭ ዛጎል ይቀበርለታል። ታላቅ ወንድም እጁን ካላሳረፈበት ግን አይቀበርም፤ እስኪቀበርም ጀልባው ከዳሱ አይወጣም፣ ሚስቲቱም ከደጇ አትወጣም። ብላሲዩስ ሁለት ወር ሙሉ እምቢ ብሏል።

«ቄሱ ሥጋ ይነሣል ይላሉ» አለ። «የትኛው ሥጋ? ሻርክ የበላው? ሻርኩን ደግሞ እኛ እንበላዋለን። ታዲያ ወንድሜን ከማን ሆድ ሊያወጡት ነው? ካንቺ?»

«ከእኔ ከሆነማ ቀላል ነው፤ አፍንጫውን አስቀድሜ ወስጃለሁ።»

ብላሲዩስ ሊስቅ ነበር፤ ዋጠው።

«እርስዎ ዕድሜ ልክዎን የበሉት ዓሣ የት ሄደ?» አለች። «ብላሲዩስ ሆነ። የልጅነት ሥጋዎ ዛሬ የለም፤ ሰውየው ግን ያው ነው። እግዚአብሔር የሚያውቀው ሰውየውን ነው። ካለመኖር የፈጠረ፣ ከባሕር መመለስ ያቅተዋል? የተሸከሙትን ይዩት እስቲ፤ የተዘራው ፍሬ በስብሶ ይጠፋል፤ የሚበቅለው ግን ያው በቆሎ ነው።»

«እሺ፣ ነፍሱ ሰማይ ትግባ። ሥጋው ምን ያደርግለታል? ነፍስ ብቻ ይበቃል።»

ቴክላ ቆመች። «ለእርስዎ ይበቃል። እንደ ጭስ ባጠገብዎ ሲያልፍ አላየሁህም ይሉታላ። ሥጋ ከተነሣ ግን ያው ፊት ነው፣ ያው ጦር የያዘ እጅ። የፈሩት አባቴ ሳይነሣ ይቀራል ብለው አይደለም ጋሼ። ይነሣል ብለው ነው።»

ይህን ከእሷ በቀር የሚደፍረው አልነበረም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጀልባው ሽማግሎች ብላሲዩስን ከጦር ወርዋሪነት አውርደው ታናሹን አቆሙ። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ ቃል አልተለዋወጡም።

«ዓይንህ ደክሟል አሉኝ፣ በሰው ፊት! አባትሽ አጠገቤ ቆሞ ዝም አለ።»

«ዝም አለ፤ በደለዎ። የዓሣ ነባሪ ድርሻ ሲልክልዎ ደግሞ እርስዎ ለውሻ ጣሉት። ሰማይ እኮ የባዕድ አገር አይደለም፤ ከዚሁ መንደር ሰው ጋር ነው የሚኖሩት።»

ብላሲዩስ ከረጢቱን አውርዶ ተቀመጠበት።

«ዓይኔስ እውነትም ደክሞ ነበር» አለ። «ግን በሰው ፊት መባል አልነበረበትም።»

«አልነበረበትም ጋሼ።»

በአሥራ አንድ ዓመት ይህን ያለው ሰው አልነበረም። በደል ሲታመንለት ግማሹ የሚድን ሰው አለ፤ ብላሲዩስ ከእነዚያ ነው።

«እንግዲያው ሲነሣ እጠይቀዋለሁ።»

«ይጠይቁት። እሱም ስለ ውሻው ይጠይቅዎታል።»

አሁን ሳቀ። «ነይ፣ ከረጢቱን ያዢ» አላት።

በማግስቱ እጁን ዛጎሉ ላይ አሳረፈ። «ኮንራዱስ፣ እስክንገናኝ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። በዚያው ሳምንት የሟቹ ሚስት ገበያ ወረደች፤ ጀልባውም ወጣ፤ ብላሲዩስ ከኋላ መቅዘፊያ ይዞ ተቀመጠ፣ ለዚያ የሚሆን ዓይን አላነሰውምና። ሽማግሎቹንም ፊት ለፊት ወቀሳቸው፤ ሁለቱ ይቅርታ ጠየቁት፣ አንዱ አጉረመረመ።

ትንሣኤን የሚያምን ሰው ቂሙን መቃብር ውስጥ ሊደብቅ አይችልም፤ መቃብሩ ይከፈታል። ስለዚህ ባልንጀራው በሕይወት ሳለ ሄዶ ማናገር ይሻለዋል፤ መንገዱም ቅርብ ነው። ብላሲዩስ ይህን ለማወቅ አሥራ አንድ ዓመትና አንድ ዛጎል ፈጅቶበታል።