የእማማ ዘይነባ ድቤ

ጅማ አቅራቢያ ሰርቦ ከተማ ሳድግ መጀመሪያ የወደድኩት ሙዚቃ የጎረቤታችን የእማማ ዘይነባ የሠርግ ዘፈን ነው። ድቤ ሲመቱ ከሰማሁ ምሳዬን ጥዬ እሮጥ ነበር። ዘንድሮ ላገባ ስል ከጅማ ተነስቼ ቤታቸው ሄድኩ። ልጃቸው ወደ ሸቤ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ እንደሞተ አውቃለሁ፤ ዓመታት ስላለፉ ግን ሐዘኑ የቀለለላቸው መስሎኝ ነበር።

«እማማ፣ እርስዎ ካልዘፈኑልኝ ሠርግም አልለው» አልኳቸው።

እጄን ያዝ አደረጉኝ። «ልጄ የሞተ ቀን ሰው ሠርግ ላይ ነበርኩ። ድቤ እየመታሁ ሰዎች በር ላይ ቆመው ያዩኛል። ዘፈኔ ደስ ብሏቸው መስሎኝ ጭራሽ ድምፄን ጨመርኩ። ለካ መርዶ ይዘው እስክጨርስ እየጠበቁኝ ኖሯል።»

አለቀስኩ። «አብሽሪ፣ አልዘፍንም እንጂ እመጣለሁ» አሉኝ።

እውነትም መጡ። ሌላ ሴት ድቤ መምታት ስትጀምር ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁና «ይቁም!» አልኩ። እሳቸው ግን «ኧረ ይመታ! የሙሽራዋ ቀን ነው» ብለው ተቆጡ። ድቤው ቀጠለ። እማማ ዘይነባ ምግብ ሳይቀምሱ፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ወጡ። ሙሽራ ነኝና ተነስቼ ልከተላቸው አልቻልኩም።