ጋሽ ተክለጻድቅ ማፈግፈግን እንዴት እንደ ተማሩ

ኢሕአዴግ አገሩን ከያዘ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። አንድ ሐሙስ ከቢሮ ስወጣ የቦንጋ ዝናብ እንደ ልማዱ ሳያስጠነቅቅ ወረደብኝና በጋሽ ተክለጻድቅ ሱቅ በረንዳ ተጠለልሁ። ከዝናብ ሸሽቼ ጦርነት ውስጥ ገባሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

ጋሽ ተክለጻድቅ የቀድሞው ጦር አምሳ አለቃ ነበሩ፤ አሁን ቆርቆሮና ምስማር ይሸጣሉ፤ የ«ጎህ» እግር ኳስ ክለብም ሊቀ መንበር ናቸው። ክለቡን እንደ ጦር ሰፈር ነው የሚመሩት። ተጫዋቾቹ ማለዳ ይሰለፋሉ፤ ሲጠሩም «አቤት ጌታዬ!» ይላሉ። ኳስ ግን ሰልፍ አያውቅምና ቡድኑ ተዳክሟል። እሑድ በጊምቦ ቡድን ከተሸነፈ ከዞኑ ውድድር ይወርዳል፤ ከወረደ ደግሞ የሚረዱት ነጋዴዎች እጃቸውን ስለሚሰበስቡ ክለቡ መበተኑ ነው።

ከፊታቸው የቆመችው አሠልጣኟ አብርሆት ናት፤ የስፖርት መምህርት።

«ጋሼ፣ የቅዳሜው የሺሺንዳ ግጥሚያ የወዳጅነት ነው። እንመጣለን ብለው ቃል ስለ ሰጡ ተቀያሪዎቹን እንላክ፤ ዋናዎቹ ለእሑድ ይረፉ።»

«ሺሺንዳ ሄጄ ልሸነፍ? አምና አሸንፈን ገበያው መሐል ደረቴን ነፍቼ ያለፍሁ ሰውዬ፣ ዘንድሮ በየት ልለፍ? እኔ ወታደር ነኝ፤ ወደ ኋላ አላውቅም!»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ ጋሼ። የአጥቂያችን የኢሳያስ ጉልበት አብጧል። ቅዳሜ በዚያ ጭቃ ካስሮጥነው እሑድ በምርኩዝ ነው የሚመጣው።»

«ጉልበት በወኔ ይድናል!»

ይህን መድኃኒት ጤና ጣቢያው ሳይሰማ በመቅረቱ አዘንሁለት። አብርሆት ግን አልሳቀችም።

«አይቆጡኝና፣ ከጦሩ ያመጡት ሰልፉን ብቻ ነው፤ ስልቱን እዚያው ትተውት መጡ። ጦር የሚመራ ሰው ተጠባባቂ ያስቀራል፤ ስንቁን ያደላድላል፤ የማይጠቅመውን ቦታ ለቆ የሚጠቅመውን ይይዛል። እኔ ይህን በኮሌጅ ነው የተማርሁት። እርስዎ ግን በዓይንዎ አይተውታል።»

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። «የልጆችን ጨዋታ ከጦርነት ጋር አታወዳድሪብኝ። እኔ ያየሁትን አላየሽም።»

«ታዲያ ይንገሩኝ።»

ሚዛኑን ወደ ጎን ገፉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰሜን ሳለን አንድ ጉብታ ያዝን» አሉ። «ውኃ የለው፣ መንገድ የለው። እንውረድ ብንል ተከለከልን።»

«ለምን?»

«ተይዟል ተብሎ በሬዲዮ ተነግሮ ነበራ። ጓደኞቼ እዚያው ቀሩ።»

አብርሆት ቀረብ ብላ፣ «ጋሼ፣ ሺሺንዳም እኮ ይኸው ነው» አለች በለሆሳስ። «ገበያ ላይ ስለሚወራ ብቻ የሚያዝ ጉብታ።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ እኔ ግን እግሬ አልነቀል አለኝ። ጋሽ ተክለጻድቅ የደረደሩትን ቆርቆሮ ሲያዩ ቆዩና፣ «ዋናዎቹ ይረፉ» አሉ። «ከተቀያሪዎቹ ጋር ግን እኔ ራሴ እሄዳለሁ። ስድቡን ለልጆቹ ብቻ አልተውላቸውም።»

ቅዳሜ ሺሺንዳ ላይ ሦስት ለባዶ ተሸነፍን። አምሳ አለቃው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳቁንም ፉጨቱንም ጠጡት። እሑድ ግን ሌላ ቀን ሆነ። አብርሆት ልጆቹን መጀመሪያ ወደ ኋላ ሰብስባ ጊምቦዎችን በጭቃው አደከመቻቸው፤ ኢሳያስንም ከዕረፍት በኋላ አስገባችው። እሱም ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሷን መረብ ውስጥ አገባት! ያን ጊዜ ከልቤ የወጣውን እፎይታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ክለባችን ተረፈ።

አንባቢ ሆይ፣ ክለብ የሚመራ ሰው ከጦር አዛዥ ሊማር የሚገባው ቁጣውን አይደለም። የሰውን ጉልበት መቆጠብን፣ የትኛው ግጥሚያ ወሳኝ እንደ ሆነ መለየትን ይማር። ጎህ ዛሬ ተጠባባቂዎቹን እንደ ዋናዎቹ ያሠለጥናል፤ የተጎዳ ተጫዋችም ሳይሸማቀቅ «አመመኝ» ይላል። የማለዳው ሰልፍም ቀርቶ ልጆቹ በዚያ ሰዓት ይተኛሉ።

ከዚያ እሑድ በሳምንቱ የሺሺንዳው ነጋዴ ከፈለኝ ምስማር ሊገዛ መጣና ሰው በተሰበሰበበት፣ «ጋሽ ተክለጻድቅ፣ ዋናዎቹን የደበቁት ፈርተው ነው አሉ፤ እውነት ነው?» አላቸው።

እሳቸው ምስማሩን መዝነው ሰጡትና ፈገግ አሉ።

«አዎ፣ ፈርቼ ነው» አሉ። «ለልጆቼ ፈርቼ።»