በአቶ ሣህሉ ግድግዳ ላይ የተተከለው የቆጣሪ ሳጥን

አቶ ሣህሉ ከጅማ ወደ የቡ ከተማ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ የገቡት ተቆጥተው ነበር። ጅማ የወረዱት አንድ ነገር ሊለምኑ ነው። በየቡ በየቤቱ ሊተከል የመጣው አዲሱ የመብራት ቆጣሪ ሳጥን በእሳቸው ግድግዳ ላይ እንዳይሰቀል። በመብራት ኃይል ቢሮው መስኮት የተቀመጠው ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ «አንተ፣ ሂድና እዚያው ሰፈርህ ጠይቅ» ብሎ ሸኛቸው። አንተ። ከነሽበታቸው፣ ከነኮታቸው፣ አንተ። ይህችን ቃል ከቢሮው ደጅ እስከ መነኻሪያው ድረስ እንደ ጠጠር በአፋቸው ሲያገላብጧት መጡ።

ስድብን ረስቶ የሚያድር ሰው አለ፤ አጣጥፎ የሚያስቀምጥም አለ። አቶ ሣህሉ አጣጥፈው ከሚያስቀምጡት ናቸው። ትምህርታቸው ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ጉልበታቸውን የጨረሱት በቡና መጋዘን፣ ሚዛን አጠገብ ቆመው ነው፤ ሚዛን ማንበብን ከእሳቸው የተማሩ ልጆች ዲፕሎማ ስለያዙ ብቻ አለቃ ሲሆኑባቸው አይተዋል። ስለዚህ የተማረ ሰው ሲያዩ መጀመሪያ የሚፈልጉት ንቀቱን ነው።

«ጋሼ ሣህሉ፣ ወደ መስኮቱ ይግቡ፣ ነፋስ ያገኛሉ» አለ አንድ ወጣት ተነሥቶ። የጎረቤታቸው የወይዘሮ ለጢፋ ልጅ ፋሂም ነው። ቴክኒክና ሙያ ተምሮ ጅማ ሥራ ይዟል ሲባል ሰምተዋል። በክንዱ አንድ ግራጫ ሳጥን አቅፏል።

«ያቀፍከው ምንድን ነው? ሕፃን አስመሰልከው።»

«ነገ የቡ የምንተክለው የቆጣሪ ሳጥን ነው ጋሼ። ለናሙና ነው የያዝኩት።»

አቶ ሣህሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «እንግዲያው ከእኔ ቤት በቀር ትከሉ። በእኔ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም ብዬ ሰፈሩ ሁሉ ፊት ምያለሁ።»

«ሳጥኑ ከሌለ እኮ አዲሱ ቆጣሪ አይገባልዎትም። አሮጌው መስመር ደግሞ ይነሣል። በጨለማ ሊቀመጡ ነው?»

«እቀመጣለሁ። ቆልፈህ የምትሄደው የምትጠረጥረው ሰው ቤት ነው። ሁለተኛ ሌባ አልባልም።»

ፋሂም ነገሩን ያውቃል፤ በየቡ የማያውቅ የለም። የአቶ ሣህሉ አሮጌ የቆጣሪ ሳጥን ከእንጨት የተሠራ፣ መዝጊያው የተሰነጠቀ ነው። ከዓመታት በፊት የንብ መንጋ በስንጥቁ ገብቶ ሰፈረበት። በዚያ ሰፈር ንብ ራሱ ወደ ቤት ከመጣ ሲሳይ ነው ይባላል እንጂ በጭስ አይባረርም። አቶ ሣህሉም መንጋውን በክብር ወደ ቀፎ ሊያዛውሩ ሳጥኑን ፈለቀቁ፤ ቆጣሪው እንዳይነካ የታሰረችውንም የእርሳስ ማኅተም በጠሱ። ንቦቹ በሰላም ወጡ። ሰንብቶ አንድ ተቆጣጣሪ መጣና የተበጠሰውን ማኅተም አየ። «ንብ ገብቶበት ነው» ቢሉት ሳቀባቸው። ሰው በተሰበሰበበትም «አንተ ሽማግሌ ሌባ» አላቸው። በኋላ ነገሩ ተጣርቶ ነጻ ወጡ። ግን ሲሰደቡ የሰማው ሰው ሁሉ ነጻ ሲወጡ አልሰማም።

«ያ ሰውዬ በአፉ ያለውን እናንተ በብረት ልትጽፉት መጣችሁ» አሉ።

«ብረት አይደለም ጋሼ፤ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው።»

«ይባስ ብሎ። የሚሰድበኝ ፕላስቲክ ነዋ።»

ከፊት የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ሳቁ። ፋሂምም ሳቀ፤ ነገር ግን ሳቁ የልጅ ሳቅ ነው፣ ንቀት የለበትም። አቶ ሣህሉ ፈልገው ስላጡት ትንሽ ተናደዱ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ ፋሂም። «መጋዘን ሳሉ ሚዛንዎ ማኅተም አልነበረውም?»

«እንዴት አይኖረውም። እየመጡ ፈትሸው ያትሙት ነበር።»

«ሌባ ነህ ማለታቸው ነበር?»

አቶ ሣህሉ ጢማቸውን ዳበሱ። «ኧረ። ገበሬው ሲጠረጥረኝ ማኅተሙን ነበር የማሳየው። ‹ኦቦ፣ ና እይ፣ እጄ አልገባበትም› እለው ነበር።»

«ባይታተምስ ኖሮ?»

«ስምል መዋሌ ነበር።»

«ይኸው ነው ጋሼ። ያልታተመ ሚዛን የያዘ ሰው በየቀኑ ይምላል። ክፍት ሳጥን ያለው ሰውም እንደዚያው ነው።»

አቶ ሣህሉ በነገር እንደ ተረቱ ታወቃቸው። እንዲህ ሲሆን ወደ ሌላ በር መዞር ልማዳቸው ነው።

«እሺ፣ ሳጥን ይኑር። የእናንተ ለምን ይሆናል? የሰፈራችን ቀጥቃጭ አባቦራ በቆርቆሮ ይሠራልኛል። ጓጉንቸርም አለኝ።»

«አባቦራ እጁ ወርቅ ነው። ግን ቆርቆሮው በእኛ ዝናብ ስንት ክረምት ይዘልቃል? ማጠፊያውም በውጭ ነው የሚሆነው። ካቻቪቴ የያዘ ሰው ጓጉንቸሩን ሳይነካ በጎን ነቅሎ ይገባል። እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል። ርካሽ ፕላስቲክ ደግሞ ፀሐይ ሲበዛበት እንደ ብስኩት ይፈረከሳል። አሮጌው ቆጣሪ ውስጡ የሚሽከረከር ብረት ስለሆነ ትንሽ ርጥበት ይችላል። አዲሱ ግን እንደ ስልክ ነው። ስልክዎን ዝናብ ላይ ያሳድራሉ?»

«በፌስታል ጠቅልዬ ነዋ።»

«እንግዲያው ይኼ ዝናብም ፀሐይም የሚችል የቆጣሪው ፌስታል ነው ይበሉ።»

ልጁ ሳጥኑን በጭናቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ማጠፊያው ከውስጥ ነው። ከውጭ የሚፈታ አንድም ብሎን የለውም። ክዳኑን ዙሪያውን ጎማ ይዞታል፣ ሽቦው የሚገባበትም ቀዳዳ ጥብቅ ነው። ቁጥሩ በፊት ለፊት ባለው ጥርት ያለ መስኮት ይነበባል። አቶ ሣህሉ ዕድሜ ልካቸውን ሚዛን የዳሰሱ ናቸውና ጥሩ ሥራ በጣታቸው ያውቃሉ፤ ሳይወዱ በግድ ጠርዙን ደጋግመው ደባበሱት።

«ይህች ከክዳኑ ሥር ያለች ትንሽ ነገርስ ምንድን ናት?»

«ክዳኑ ሲከፈት የምታውቅ ናት። ቆጣሪው መቼ እንደ ተከፈተ መዝግቦ ወደ ጅማ መልእክት ይልካል።»

«አንድ ለአምስቱ አልበቃ ብሎ ግድግዳውንም ልታደራጁት ነው?»

ሚኒባሱ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለውን ቀልድ ሁሉም የሚሰማው፣ ማንም ያልሰማ የሚመስልበት ዘመን ነበር። ረዳቱ ብቻ ፊቱን በበሩ በኩል አወጣ፤ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ወላሂ ወሬ አይሰማም» አለ ፋሂም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሚያውቀው መከፈትና መዘጋቱን ነው። ያኔ ይህ ቢኖር ንቡም አይገባ፣ ማኅተሙም አይበጠስ ነበር። እሺ፣ ተከፈተ እንበል፤ ‹በጠራራ ፀሐይ ተከፈተ፣ ወዲያው ተዘጋ፣ የሚቆጥረውም አልጎደለም› ብሎ ይመሰክርልዎት ነበር። ያ ሰውዬ ምን ብሎ ይሰድብዎታል?»

አቶ ሣህሉ እስከ የቡ ድረስ ሳጥኑን ከጭናቸው አላወረዱም። የሚመሰክርላቸው ነገር በዓለም ላይ ሊኖር ይችላል ብለው ከዚያ በፊት አስበው አያውቁም ነበር።

ሲወርዱ ፋሂም፣ «ነገ ሰው ከመሰብሰቡ በፊት፣ አሮጌውን ዛሬ ልየው» አላቸው። አልከለከሉትም። በጓሮ በኩል ዞሩ፤ ፋሂም የተሰነጠቀውን መዝጊያ በአንድ ምስማር ገፋ ሲያደርገው ተከፈተ። ልጁ አጎንብሶ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

«ጋሼ፣ ይህን ሽቦ ማን ቀጠለው?»

ከምሰሶው የመጣው መስመር ቆጣሪው ዘንድ ሳይደርስ ቀጭን ሽቦ ተጠልፎበታል። ሽቦው በግድግዳው ሥር አልፎ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ይገባል። ያን ክፍል ከፈለ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ተከራይቶታል። አቶ ሣህሉ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ነገ ሰፈርተኛው ሁሉ ባለበት መዝጊያው ሲከፈት ምን እንደሚባሉ ታያቸው።

ሲጠሩት ከፈለ መቀሱን እንደ ያዘ መጣ። አልካደም፤ እንዲያውም የተመሰገነ ሰው መስሎ ቆመ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። የእኔ የኤሌክትሪክ ምድጃ ብዙ ይበላል ብለው ሲያማርሩ ሰማሁ። እርስዎ ላይ እንዳይቆጥር ብዬ ከቆጣሪው በፊት ወሰድኩት።»

«ለእኔ ብለህ ነው የሰረቅኸው?»

«ስርቆት ነው እንዴ? ክፍት ነበር እኮ። ዝግ ቢሆን እነካ ነበር?»

አቶ ሣህሉ ሊቆጡት አፋቸውን ከፈቱ፤ ነገር ግን ከፈለ ከልቡ እንደ ሆነ አዩ። በሽማግሌ ዕድሜያቸው ሊያዋርዳቸው የነበረው ጠላት ሳይሆን የሚወዳቸው ሰው ነው። ሳቅና እንባ ተቀላቀለባቸው።

«ሰማህ ጋሼ» አለ ፋሂም፣ በድንጋጤ አንቱታውን ረስቶ፤ ወዲያው አረመ። «ይቅርታ፣ ሰሙ? ክፍት ሳጥን ደጉን ሰውም ሌባ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ትራንስፎርመሩ ያወጣው በየቤቱ ከተቆጠረው ጋር ሲነጻጸር የጎደለው ይታያል። ማን እንደ ወሰደው ካልታወቀ ግን የሚጠረጠረው ሰፈሩ በሙሉ ነው። ሲበዛበትም ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፤ ከሰረቀው ጋር ያልሰረቀው ይጨልማል። ይህች ሽቦ እርጥብ ግድግዳ ላይ ሰው ብትነካስ?»

ከፈለ መቀሱን ወደ ኪሱ ከተተ።

«አሁን ቆርጬ ላንሣው?» አለ ፋሂም። «ማንም ሳያይ።»

ልጁ ይህን ያለው ስለ ወደዳቸው ነው፤ ሥራውንም ሊያሳጣው የሚችል ነገር ነው። አቶ ሣህሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አደጋ እንዳያመጣ መስመሩን አጥፋው እንጂ ሽቦው ባለበት ይቆይ። ነገ ራሴ እናገራለሁ። በጓዳ ከጠፋ እንደገና በጓዳ ሲወራብኝ ሊኖር ነው።»

በማግስቱ ሠራተኞቹ ሲመጡ ሰፈርተኛው አጀባቸው። የቡድኑ መሪ ሩሐማ የምትባል ወጣት መሐንዲስ ናት። አቶ ሣህሉ ኮታቸውን ቆልፈው ፊቷ ቆሙ።

«እመቤቴ፣ ሳጥኑ አይሰቀልም ብዬ የማልኩት እኔ ነኝ። መሐላዬን አፍርሻለሁ። አሮጌው ውስጥ የተጠለፈ ሽቦ ታገኛላችሁ። እኔ አልቀጠልኩትም፤ ግን የተቀጠለው እኔ ክፍት በተውኩት ሳጥን ነው።»

ከፈለም ከኋላቸው ወጥቶ፣ «የኔ ሥራ ነው፤ የሚገባኝን እቀጣለሁ» አለ።

ሩሐማ ሽቦውን አየች፣ ከዚያም ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ሰው ሲደብቅ ነው ያየሁት እንጂ እንዲህ ቆሞ ሲናገር አላየሁም። እርስዎ አባቴ፣ የት ቢተከል ይወዳሉ? በጓሮ በኩል ጥላ አለ።»

«በፊት ለፊት፣ መንገዱ ላይ።»

«ፀሐዩ በቀጥታ ይመታዋል ጋሼ» አለ ፋሂም።

«ፀሐይ ይችላል ያልከኝ ውሸትህን ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳጥኑም በፊት ለፊቱ ግድግዳ፣ አላፊ አግዳሚው በሚያይበት ተተከለ።

ቀትር ሲቃረብ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ አባቦራ መጣና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሳጥኑን ዙሪያውን ተመለከተ።

«ኤዬ ሣህሉ፣ አንተም ተሸነፍክ? እኔ በቆርቆሮ እሠራልህ አልነበር?»

«ቆርቆሮህ ለጣራ ነው አባቦራ። ይህ ዝናብ አያስገባም፣ አይዝግም፣ ምስጥ አይበላውም። ውስጡ ያለው ቆጣሪ ካልረጠበ አይዋሽም፤ ማንም እጁን ካላስገባበት የበላሁትን ብቻ ይነግረኛል። ልጅ ቢደገፈው አይነዝረውም። ሁሉም ቤት እንዲህ ሲዘጋ ትራንስፎርመሩ ይተርፋል፤ ያንተም ብየዳ መሐል ላይ አይቋረጥም። ጎረቤትም ጎረቤቱን አይጠረጥርም።»

ሁሉን የተናገሩት እንደ ራሳቸው አሳብ ነው። ፋሂም መሰላሉን እያጠፈ ሰምቶ ፈገግ አለ።

አባቦራ ክዳኑን በጣቱ ሞከረው። አልተንቀሳቀሰም።

«መቼስ ቁልፉ አንተ ጋ ነው?»

«የለኝም» አሉ አቶ ሣህሉ፣ በርጩማቸውን ወደ ሳጥኑ ሥር እየሳቡ። «ደስ ያለኝም እሱ ነው።»