የራሷን የምስጋና ወረቀት ያተመችው

ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የወጣውን ስም አንብባለች። ማሽኒስቷ ለአራተኛ ጊዜ ያመለከተችበት የፈረቃ ኃላፊነት፣ አምና በማተሚያ ቤቱ ሲቀጠር ቀለም መደባለቅ ራሷ ላስተማረችው ሰው ተሰጠ። አላለቀሰችም። ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኗን ይዛ፣ ሥራ አስኪያጁ ብቻቸውን ከሚበሉበት ጠረጴዛ ቀጥሎ፣ ከንብረት ክፍሉ ሽማግሌ ፊት ለፊት ቁጭ አለች። ድምፅዋን ለሁለት ጠረጴዛ በሚበቃ ልክ አስተካክላ ጀመረች።

«ጋሼ፣ ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ብርዱ በርትቷል... የኔም ወገብ አስራ አንድ ዓመት አንድ ማሽን ፊት ቆሞ ደርቋል። ግን አላማርርም። አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ፣ ስማቸው ምን ያደርጋል... ሠራተኛ ማክበር ከእሳቸው ወዲያ! አንዷ እድገት ብትጠይቃቸው፣ ‹አንቺን የሚተካ ከየት ይመጣል?› አሏት። እንዲህ የሚል አለቃ የት ይገኛል? አክብረው አክብረው፣ ይኸው ንቅንቅ እንዳትል አደረጓት።

ውለታም አይረሱም። የምስጋና ወረቀት ሰጥተዋታል እኮ። ያተመችው ራሷ ናት... እሱስ ይሁን። በስሟ ቦታ ግን የሌላ ሰው ስም ጻፉበት። ይፈረድባቸዋል? አስራ አንድ ዓመት ስም ለመያዝ ይበቃል እንዴ?»

ሽማግሌውን ውሃው ትን አላቸው። ከጀርባቸው የማንኪያ ድምፅ ቆመ።

«ቀስ ብለው ይጠጡ፣ ጋሼ። ሰው መምረጥስ ማን እንደሳቸው? ማሽኑን የሚያውቀውን ትተው እሳቸውን የሚያውቀውን ይሾማሉ። ልክ ናቸዋ። ማሽን ቢበላሽ ጠጋኝ አይጠፋም... የሚያስቸግረው ሰው ሲሆን ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ግማሽ ምሳቸውን ትተው ተነሱ። አንገታቸው ቀልቷል። በአጠገቧ ሲያልፉ ብድግ ብላ፣ ወንበሯን ሰብስባ በትሕትና መንገድ ለቀቀችላቸው። ዓይኗን ግን ከሽማግሌው አልነቀለችም።

«ዋናው መሥሪያ ቤት በሹመት ሊወስዳቸው ነው ሲባል ሰምቼ ሆዴ ባባ። ጋሼ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ አሜን ይበሉኝ... ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ለሠራተኛው የተመኙትን ሁሉ ለራሳቸው ያድርግላቸው። ከዚችው ወንበራቸው ሳያነቃንቅ እዚሁ ያስረጅልን።»