የአማኑ አስታማሚ

ነይ ግቢ ንጋቷ። ጫማሽን ተይው፤ ጭቃው እንደሆነ አንቺ ብታወልቂም እኔ ብጠርግም ከዚህ ቤት አይወጣም። የገባ ሁሉ መውጣት የሚጠላበት ቤት ሆኗል... ጭቃውን ማለቴ ነው።

ጎደሬው ደርሶናል፣ እጅሽ ይባረክ። እንዴት ያለ ጎደሬ ነው፣ ገና እሳት ሲነካው የሚበስል። ልጆቹ ሳይበርድ ጨረሱት። ቀበሌ ስኳር መጣ የሚሉት እውነት ነው እንዴ? እኔማ ትናንት ወረፋው ወፍጮ ቤቱ ጋ መድረሱን አይቼ ተመለስኩ። በይ እዚህ በርጩማው ላይ ቁጭ በይ። እኔ ይቺን ተልባ ልልቀም፣ አሸዋ በዝቶባታል። እጄ ይሥራ፣ ጆሮዬ ካንቺ ጋር ነው።

ወንድም ጋሼ፣ አይነሱ፣ ይብሉ። ንጋቷ ጎረቤት ናት፣ እንግዳ አይደለችም። እንግዳ እንኳ በዚህ ቤት... ይብሉ፣ ቡላው ይቀዘቅዝብዎታል። ይርዳው ጓዳ ጋደም ብሏል፤ ሲነሳ የቀረውን ይቀምሳል። መቼም አይጠፋም፣ ከሳህኑ ዳር ዳር የሚቀር ነገር ይኖራል።

አንቺማ እኚህን የባሌን ታላቅ ወንድም ከማየትሽ ብዛት እዚሁ ሚዛን ተፈሪ የተወለዱ ሳይመስልሽ አይቀርም። ከማጂ ነው እኮ የመጡት። ግንቦት ላይ፣ ይርዳውን ለአንድ ሳምንት ሊያስታምሙ። አሁን ጥቅምት ነው። የማጂ ሳምንት ረዘም ይላል መሰለኝ።

አሁን የማጫውትሽ ግን ስለ ሌላ ሰው ነው። ትናንት የይርዳውን ኪኒን ልቀበል አማን ሐኪም ቤት ወርጄ ወረፋ ስጠብቅ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ስሟን አልጠየቅኋት፤ ብጠይቃትም አልነግርሽም። ባሏን ሳንባውን ያመዋል፣ እንደኛው። ሁለት ልጆች አሏት፣ እንደኔው። ይገጣጠማል መቼም። ከዚህ ሌላ ከኛ ጋር የሚያገናኛት ምንም ነገር የለም። እሷ የአማን ሰው ናት፣ እኛ የሚዛን ሰዎች ነን፤ መሃላችን ስንት መንገድ አለ?

ባሏ መርፌውን የጀመረው ታኅሣሥ ላይ ነው። መርፌው በሁለት ወር አለቀለት። ኪኒኑ ግን ዓመት እስኪሞላ ነው፣ በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳይዘለል። ሳንባውን ሲጠግንለት ሆዱን ያቃጥለዋል። ድሬሰሩን ይስሐቅን ታውቂው የለ፣ የቤንቹን ልጅ፣ ቀስ ብሎ የሚናገረውን? ለሷም የነገራት ለኔ የነገረኝንኑ ነው። ኪኒኑ ባዶ ሆድ ላይ አይውደቅ። ቀደም ብሎ ለስለስ ያለ ነገር ይቅመስ፤ ቡላ በወተት ቢሆን፣ ሙዝ ቢሆን፣ ለብ ባለ ውሃ የተመታ ተልባ ቢገኝ ደግሞ ሆዱን አልብሶት ይውላል። በርበሬና ዝንጅብል የገባበትን የቡና ቅጠል ጨሞ ይተው፣ አረቄ እንዳያይ፣ ቡናም በባዶ ሆዱ እንዳይጠጣ። በቡና አገር ተቀምጦ ቡና ተው መባል እንዴት ያለ ፍርድ እንደሆነ አስቢው እንግዲህ። ታማሚው ግን እሺ አለ። እሷም ያለቻትን የአንዲት ላም ወተት ከልጆቿ አፍ ነጥቃ ለሱ አደረገችው። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ሻይ ብቻ ጠጥተው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

ይሄኔ ነው ወንድሙ የመጣላት። ታላቅ ወንድም። ከቱም ነው የመጣው... ከቱም ነው ወንድም ጋሼ፣ ከማጂ አይደለም፤ አይስጉ፣ ይብሉ።

ስሚኝማ ንጋቷ፣ እንዲህ ያለ ወንድም ከየት ይገኛል? የሳንባ በሽተኛ ሲያይ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ከደጅ የሚመለስ ስንት ዘመድ አለ። እሱ ግን አንድ ክፍል፣ አንድ ምንጣፍ፣ አንድ ገበታ። ወንድሙ ለብቻው ሲበላ አንጀቱ አይችልም። ቡላው ገና ሲቀርብ ማንኪያ ያነሳና «እንዳያቃጥለው» ብሎ አስቀድሞ ይቀምሳል። ተጨንቆለት እኮ ነው። ዳር ዳሩ በርዷል፤ መሃሉስ? መሃሉንም ያየዋል። ከሥር ያለው ትኩስ ሆኖ ቢቆይስ? እስከ ሥሩ ወርዶ ያጣራል። ሳህኑ ነጭ ሆኖ ሲያየው ነው አሳቡ የሚያርፍለት።

የኪኒኑን ሰዓት ከታማሚው በላይ የሚያውቀው እሱ ነው አለችኝ። የእጅ ሰዓት የለውም፣ ግን ደጅ ላይ ሰው ሲያጫውት ቆይቶ ልክ ቡላው ከእሳት ሲወርድ «ኪኒንህ ደረሰ» እያለ ይገባል። አንድ ቀን ረስቶ አያውቅም። ወተቱ አድሮ እንዳይበላሽ ይፈራል፣ ለሳሉ የተቀመጠው ማርም እንዳይበላሽ ይፈራል። ማር ይበላሻል እንዴ? አይበላሽም፤ እሱ ግን ጥንቁቅ ሰው ነው። ታማሚው በአምስት ወር ውስጥ ቀበቶው ሰፋበት፣ አዲስ ቀዳዳ አስበሳበት። አስታማሚውም አዲስ ቀዳዳ አስበሳ፣ በወዲያኛው ጫፍ። ወንድማማች አይደሉ? ሁሉን ነገር እኩል ነው የሚያደርጉት።

ፍልሰታ ሲገባ የሆነውን ደግሞ ስሚ። የንስሐ አባታቸው ለታማሚው ወተት ፈቀዱለት፣ በሽተኛ ነውና። አስታማሚው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወንድሜ ብቻውን ሲገድፍ እያየሁ እኔ አልጾምም፤ ኃጢአቱን እካፈለዋለሁ» አለ። አሥራ አምስቱንም ቀን ተካፈለለት። ለወንድሙ ገንዘቡን የሚሰጥ አይቻለሁ፣ ልብሱን የሚሰጥ አይቻለሁ፤ ነፍሱን በብርጭቆ እየቀዳ የሰጠ ግን እሱን ሰማሁ።

ምነው ወንድም ጋሼ፣ ትን አለዎት? ውሃ ላምጣልዎት? ...ጢምዎ ላይ ትንሽ ቡላ አለች፣ በግራ በኩል። አዎ፣ እሷን። የቱሙም ሰውዬ ጢም አለው አለችኝ። ጢም ያለው ሰው ብዙ ነው መቼም።

«ታዲያ ባልሽ አፍ የለውም? የመድኃኒቴ ማስቀደሚያ ነው አይልም?» አልኳት። ሳቀችብኝ። እንዴት አድርጎ ይበል? ታላቅ እጁን ሳይሰድ ታናሽ አይሰድም፤ ታላቅን ይብቃህ የሚል ታናሽም በነሱ ቤት አልተወለደም። አባታቸው እንዲያ አድርገው ነው ያሳደጓቸው። ታማሚው እጁን ታጥቦ፣ አጣጥፎ ይጠብቃል። ታላቁ ሲጨርስ ቀና ይልና «ምግብ እምቢ አለህ አይደል የኔ ወንድም? አይ ይሄ በሽታ» ብሎ ያዝንለታል። እንባው ሁሉ ይመጣል አለችኝ። እንዲያ ጠግቦ እንዲያ የሚያዝን ሰው አላየሁም ትላለች።

አንድ ቀን ብልህ ልሁን ብላ በሁለት ሳህን አቀረበች። አንዱን ለታማሚ፣ አንዱን ለአስታማሚ። ሰውዬው የራሱን ቶሎ ጨረሰና ወንድሙ ብቸኝነት እንዳይሰማው ወደዚያኛው ሳህን ተሻገረ። ክረምቱን ደግሞ መንገዱ ይድረቅና እሄዳለሁ ይል ነበር። መንገዱ ደረቀ። አሁን የሚለው «እሱ ሳይድን እንዴት ጥዬው እሄዳለሁ» ነው። እሱ የሚድነው ደግሞ... ተይው፣ እዚያ ውስጥ አልገባም።

ሳቅሽ አይደል? እኔም እስከዚህ ድረስ ስቄያለሁ። የማያስቀውን ልንገርሽ አሁን። ባለፈው ሰኞ ያቺ ሴት ፍራሹን ልታናፍስ ብድግ ብታደርገው ከሥሩ ኪኒን አገኘች። አሥራ አንድ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ባሏ ውሃ እየጠጣ የዋጠ ይመስላት ነበር። ምነው እንዲህ አደረግኸኝ ብትለው፣ «ባዶ ሆዴ ላይ ሲወርድ እሳት ነው የሚሆንብኝ፤ ከዚህስ ሳሉ ይሻለኛል» አላት። ሊጨርስ ሁለት ወር ቀርቶት! እዚያው ፍራሹ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሮጣ ይስሐቅ ጋ ሄደች። ዛሬውኑ ይጀምር አላት፤ ከዚህ በላይ ካቋረጠ ግን ያለፈው አሥር ወር እንዳልነበረ ይቆጠራል፣ ከመርፌው ነው እንደገና፣ መድኃኒቱም ያን ጊዜ በጀ ላይለው ይችላል አላት። ፈራች ንጋቷ። እኔ... እሷ፣ በጣም ነው የፈራችው። በአንድ ሳህን ቡላ ምክንያት ባሌን ልቀብር ነው ወይ፣ ልጆቼንስ ምን ብዬ ልነግራቸው ነው እያለች ሌት ተቀን ትብሰለሰላለች።

ታዲያ ይሄን የመሰለውን ሰው ሂድልኝ ትበለው? ወንድምን ከወንድም ለየች ትባላለች፤ ማጂ ድረስ ይወራባታል... ቱም ድረስ። እሷም አልሰደበችው፣ አላማችውም። መልካምነቱን ብቻ ለይስሐቅ ነገረችው። አምስት ወር ሙሉ ከታማሚው ክፍል እንዳልወጣ፣ ከጎኑ እንደሚተኛ፣ ሲያስል እንኳ ፊቱን እንደማያዞር አንድ በአንድ አወራችለት። ይስሐቅ የሚጽፍበትን እስክሪብቶ አስቀመጠ። አንቺና ልጆችሽ ተመርምራችኋል፤ እንዲህ ያለውን ሰው እስከዛሬ እንዴት ደበቅሽኝ አላት። ደንብ ነው፣ ከታማሚው ጋር ያደረ ሁሉ ይታያል። ሦስት ጠዋት አክታ ይሰጣል። ከተገኘበት መርፌው በየቀኑ ነው፣ መቀመጫ ላይ፣ ሁለት ወር፤ ከዚያ ኪኒኑ ዓመት። ባይገኝበትም ከዚያ ክፍል ይውጣ አለ። አስታማሚው ይሄን የሰማ ዕለት፣ አምስት ወር ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ራት አልፈልግም ብሎ ተኛ።

ይስሐቅ ነገ በማለዳ ወደኛም ይመጣል። ትናንት ስሙን መዝግቦልኛል... የቤታችንን ስም ማለቴ ነው። ወንድም ጋሼ፣ እርስዎን የሚያሳስብ ነገር የለም፤ መርፌው ረዘም ያለ ነው እንጂ ቀጭን ነው አሉ። የማጂው ጭነት መኪናም የሚነሳው ነገ ነው ንጋቷ፣ ይስሐቅ ከሚመጣበት አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ። ሾፌሩን አንድ ቦታ ያዝ ብዬዋለሁ። ማጂ የምትልኪው ዕቃ ካለሽ ብዬ ነው፣ ለሌላ አይደለም።

ምነው ወንድም ጋሼ፣ አቆሙ? ግማሹ እንዳለ ነው እኮ። ይጨምሩ እንጂ... በቃኝ ካሉማ ምን አደርጋለሁ፣ ሳህኑን ልቀበልዎት። አንተ ይርዳው፣ ተነስና ና። ወንድም ጋሼ እጃቸውን ሰብስበዋል፤ አሁን ያንተ ተራ ነው። ኪኒንህንም ይዘህ ና፣ እዚህ ፊቴ ነው የምትውጠው። ቀስ ብለህ ብላ፣ ማንም አይሻማህም። ንጋቷ፣ እስኪ ያቺን ወተት አቀብይኝ።

ያ የቱሙ ሰውዬ ግን ከአሳቤ አልወጣ አለኝ። ይሄን ሁሉ ለወንድሙ ደክሞ ሳይመረቅ ቢቀር ደግ አይደለም። ያቺም ሴት ስትመርቀው ነበር፣ እኔም አብሬያት እመርቀዋለሁ። ዕድሜውን ያርዝምለት፣ ጤናውን አይንሳው። ግን ሰው ነውና አንድ ቀን አልጋ ቢይዘው፣ የሚውጠው መድኃኒት ሆዱን ቢያቃጥለው፣ ቡላና ወተት አስቀድም ቢባል... ፈጣሪ ብቻውን አይተወው። ከራስጌው የማይጠፋ፣ ከገበታው የማይለይ፣ ቁርጥ እሱን የመሰለ አስታማሚ ይላክለት። አሜን ይበሉ እንጂ፣ ወንድም ጋሼ።