የደንጎሬ ወንዝ ዘለበት

ነሐሴ ነው፣ ቀትር፤ ከደንጎሬ ወንዝ በላይ ባለው በቀጥቃጩ በገብረየስ ደጅ የመንደሩ የቃሬዛ ማኅበር አለቃ ስንሻው የይቅርታ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ተንበርክኳል፤ ገብረየስ ግን ወናፉን አላቆመም።

ገብረየስ፦ ድንጋዩን አውርድ አልኩህ! ሰው ይሰበሰብብኛል።

ስንሻው፦ ይቅር ብዬሃለሁ ሳትለኝ አላወርድም።

ገብረየስ፦ እንግዲያው ተሸክመኸው ዋል። እኔ ሥራ አለኝ።

ስንሻው፦ የምውልበት ቀን የለኝም፣ አያ ገብረየስ። አፈር ስሆንልህ ስማኝ። የሻረግ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። አዋላጇ እጇን ታጥባ ወጣች። «ልጁ ተጋድሟል፤ ወንዙን አሻግራችሁ ጤና ጣቢያ ካላደረሳችኋት ሁለቱንም ቅበሯቸው» ብላኝ ወጣች።

ገብረየስ፦ የሻረግ? ያቺ ልጅህ?

ስንሻው፦ ሌላ ልጅ አለኝ እንዴ?

ገብረየስ፦ ታዲያ እኔ ደጅ ምን ትሠራለህ? ቃሬዛው በእጅህ፣ ተሸካሚው በእጅህ። ይዘሃት አትሮጥም?

ስንሻው፦ አልታሰርም አለች። ቃሬዛው ላይ አስተኝተናት ገመዱን ሳመጣ አይታ ጮኸች። «ማንጠግቦሽን ባሰርክበት እጅህ እኔን አታስረኝም፤ እዚሁ አልጋዬ ላይ ልሙት» አለችኝ። በአባቷ ፊት!

ገብረየስ፦ ሳትታሰር ውሰዳታ።

ስንሻው፦ በዝንጀሮ ገደል? መንገዱን እያወቅከው? ግድግዳ እኮ ነው። ምጡ ሲመጣባት ትፈራገጣለች፣ ተንሸራታ ትሄዳለች። ተሸካሚዎቹም «ያልታሰረ ሰው ይዘን ገደል አንወርድም» ብለው ቁጭ ብለዋል። ደጋው ደግሞ ጠቁሯል፤ ዝናቡ ከላይ ከወረደ ከሰዓት በኋላ ወንዙ ሰው አያሻግርም።

ገብረየስ፦ ሚስቴ ቃሬዛህ ላይ እንደታሰረች ወንዝ ውስጥ ከሞተች ዓመት ሙሉ ስሟን ከአፍህ አውጥተኸው አታውቅም። እኔን ስታይ መንገድ ትቀይራለህ። ዛሬ ሲቸግርህ ማንጠግቦሽ አልክ።

ስንሻው፦ አዎ፣ ሲቸግረኝ አልኩ። ስደበኝ፣ ምታኝ፣ ደስ ያለህን አድርግ። ግን ያችን ዘለበት ስጠኝና ምታኝ።

ገብረየስ፦ የቷን ዘለበት?

ስንሻው፦ አታሹፍብኝ በሞቴ! አገር ያውቃል። ማረሻ ሲያመጡለት ጊዜ የለኝም ይላል፣ ማጭድ ሲያዙት አልደረሰም ይላል፣ ዓመቱን ሙሉ የመኪና ባሌስትራ ብረት እየቆረጠ በቃሬዛ ቋጠሮ ፈንታ የሚሆን ዘለበት ይቀጠቅጣል፤ ገብረየስ አበደ እያሉ ነው።

ገብረየስ፦ አንተስ ምን አልክ?

ስንሻው፦ እኔም... አበደ ብያለሁ።

ገብረየስ፦ ጎሽ። ዛሬ ገና አንድ እውነት ሰማሁ። በል ድንጋዩን አውርድና ግባ። ወይስ የቀጥቃጭ ቤት አልገባም ልትል ነው? ቡዳ ይበላኛል ብለህ?

ስንሻው፦ የሚበላኝ ካለ ይብላኝ። ገባሁ። የታለች?

ገብረየስ፦ ቅርጫቱ ውስጥ ናቸው። አስራ ዘጠኝ ናቸው። አንዷንም አልሰጥህም።

ስንሻው፦ ተበቀልከኝ በለኛ! ሚስትህ ስለሞተች ልጄም ትሙት? ምን አደረገችህ? በዓመት በዓሉ ድፎ ይዛልህ የምትመጣው እሷ አይደለችም?

ገብረየስ፦ ድምፅህን ዝቅ አድርግ! በቀል ቢሆን ኖሮ የተበላሸችውን መርቄ እሰጥህ ነበር። አላለቀችም ነው የምልህ። የቋጠርከው ቋጠሮ ሚስቴን ገደለ፤ የሠራሁት ብረት ደግሞ ልጅህን ቢገድልስ? አንተ ማንጠግቦሽ በሕልሜ እየመጣች እንዴት እንደምታየኝ ታውቃለህ? ሁለተኛ ሰው ከኋላዋ እንዲመጣባት አልፈልግም።

ስንሻው፦ ምኗ ነው ያላለቀው? አሳየኝ። እኔም ሠላሳ ዓመት ቃሬዛ ይዣለሁ፤ ከብረት ባልውል ከእንጨቱ ውያለሁ።

ገብረየስ፦ እየው እንግዲህ። ሁለት ነገር ነው የምፈልግባት። ገደሉ ላይ ምንም ቢመጣ እንዳትፈታ፣ ወንዙ ውስጥ ደግሞ በአንድ ጣት እንድትፈታ። ገደሉን የቻለችው ወንዝ ስትገባ ነክሳ አልለቅ ትላለች። ወንዙ ውስጥ እሺ የምትለዋ ገደሉ ላይ ትከዳለች። አስራ ስምንቱ የተጣሉት በዚህ ነው።

ስንሻው፦ አስራ ዘጠነኛዋስ?

ገብረየስ፦ ይህችውልህ። ምላሷን እዚህ ታስገባለህ፤ ቀጭ ትላለች። ሰው ሲከብድባት አጥብቃ ትይዛለች። ይህችን ክንፍ በአውራ ጣት ቀና ስታደርግ ትለቃለች። ጀርባዋን ክፍት የተውኩት አሸዋ እንዳትጎርስ ነው፤ ውሃው ራሱ ያጥባታል። ያንተን ያህል ድንጋይ አንጠልጥዬባታለሁ። ጭቃ ለቅልቄያታለሁ። ከጣሪያ ወርውሬያታለሁ።

ስንሻው፦ ታዲያ ይህች ምን ጎደላት? ስጠኝ!

ገብረየስ፦ አርባ ጊዜ ሞከርኳት። ሠላሳ ዘጠኙን እሺ አለችኝ። አንዴ ግን ቋጥኝ ክንፏን ሲገጫት ብትን አለች። ከአርባ አንዴ! ያቺ አንዷ የየሻረግ ብትሆንስ?

ስንሻው፦ አሁን እኮ አርባም አንድም የለኝም! ሳልወስዳት ብቀር አርባውም ሞት ነው። በሰው ሞክራት። እኔን እሰረኝና ሞክራት፤ ከዚያ ትወስናለህ።

ገብረየስ፦ አንተን?

ስንሻው፦ እኔን። እዚህ አግዳሚው ላይ። ፍጠን፣ ደመናው እየወረደ ነው።

ገብረየስ፦ እንዳልከው። ተኛ። ደረትህን ቀና። ይህ የሸራ ቀበቶ ከጭነት መኪና የመጣ ነው፤ በሬ አይበጥሰውም። በጎንህ አዞርኩት... አሁን በጀርባህ...

ስንሻው፦ ጠበቀኝ።

ገብረየስ፦ ማንጠግቦሽም ጠበቀኝ ብላህ ነበር። «ለራስሽ ነው» አልካት።

ስንሻው፦ ...ብያታለሁ።

ገብረየስ፦ ቀጭ አለች፤ ሰማህ? ከአግዳሚው ስር ናት፤ እናንተ ከቃሬዛው ስር እንደምትቋጥሩት። በል አሁን የብረት ማቀዝቀዣውን ውሃ ላፈስብህ ነው። ጭቃ ነው፣ ታገሥ።

ስንሻው፦ ምን ታደር... ኧረ! አይኔን! አፌ ውስጥ ገባ!

ገብረየስ፦ ወንዝ ውስጥ ነህ። ተገልብጠሃል። ፍታት።

ስንሻው፦ የታለች? አላገኘኋትም... እጄ አይደርስም!

ገብረየስ፦ የእሷም አልደረሰም።

ስንሻው፦ አያ ገብረየስ! አትጨምር፣ በቃ! ትንፋሽ አጠረኝ! ፍታኝ!

ገብረየስ፦ ያን ቀን ከቃሬዛው ስር ገባሁና ቋጠሮውን በጥርሴ ያዝኩት፣ ታውቃለህ? ገመዱ ውሃ ጠጥቶ ድንጋይ ሆኗል። ሁለቱ ጥርሶቼ እዚያው ቀሩ። ቋጠሮው አልተነቃነቀም። የያዝኩት እግሯን ነበር፤ መጀመሪያ ይመታኝ ነበር፣ በኋላ ተወ።

ስንሻው፦ እኔ ነኝ የለቀቅኩት!

ገብረየስ፦ ምን አልክ?

ስንሻው፦ የቃሬዛውን እንጨት! ፊት ቀኙን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጎርፉ አልመታኝም። ውሃው ደረቴ ሲደርስ ፈራሁና ለቀቅኩ። ለቀቅኩና ዋኘሁ። ለሰው ሁሉ ጎርፉ መታን አልኩ። ቋጠሮው አይደለም፣ እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የገለበጥኳት! ካልፈለግህ አትፍታኝ፤ ልጄን ግን አድርስልኝ። አንተ አድርስልኝ!

ገብረየስ፦ አውቃለሁ።

ስንሻው፦ ምኑን?

ገብረየስ፦ ከኋላህ አልነበርኩም? እጅህ ሲከፈት አይቻለሁ።

ስንሻው፦ ዓመት ሙሉ አውቀህ ዝም አልክ?

ገብረየስ፦ ምን ልበል? ቀብሩ ላይ መሬት እየቧጠጥክ ታለቅስ ነበር፤ ዕንባህ የውሸት አልነበረም። ቤቴ ስገባ ደግሞ ልገድልህ አሰብኩ። ሦስት ሌሊት አሰብኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት መዶሻ አነሳሁ፤ ወዳንተ ልመጣ ይሁን ወደ ብረቱ እኔም አላወቅኩም። ወደ ብረቱ ሆነ። ይኸው ፈታሁህ። ተነሥ፣ ፊትህን ጥረግ።

ስንሻው፦ ግደለኝ ብልህ ይሻለኝ ነበር።

ገብረየስ፦ ለእሱ ጊዜ የለህም። ይልቅ ስማኝ። አሁን ስትሰምጥ እጅህ የት ሄደ?

ስንሻው፦ እኔ እንጃ። ወደ ስር... ቋጠሮው ወዳለበት።

ገብረየስ፦ አልደረሰም። ለምን ከስር እንቋጥራለን?

ስንሻው፦ አባቶቻችን እንዲህ ነው የቋጠሩት። ወባ የያዘው በሽተኛ እየቃዠ ራሱን ይፈታል፣ ገደል ይገባል። እጁ እንዳይደርስ ነው ከስር የሚሆነው።

ገብረየስ፦ እና ማን ይፈታዋል ተብሎ ነው?

ስንሻው፦ ተሸካሚው ነዋ።

ገብረየስ፦ ተሸካሚው ወንዝ መሃል እጁ ምን ይዟል?

ስንሻው፦ እንጨት።

ገብረየስ፦ እንጨት! አየህ ድንቁርናዬን? እናንተ ከስር ስለምትቋጥሩ እኔም ዓመቱን ሙሉ ለስር ነው የሠራኋት። እጁ ባዶ ላልሆነ ሰው! ቋጥኙም የሚገጫት እዚያ ስለሆነች ነው። ላይ ብትሆን ማን ይነካታል? ስንሻው፣ ምጥ የያዛት ሴት እጇን የት ነው የምታደርገው?

ስንሻው፦ ሆዷ ላይ። ከትናንት ጀምሮ አላነሳችውም።

ገብረየስ፦ ከሆዷ ከፍ ብላ፣ ከጡቷ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች። በጨለማ፣ በጭቃ፣ ተገልብጣም ቢሆን አትፈልጋትም፤ እጇ እዚያው ነው። ልጅህ ትቃዣለች?

ስንሻው፦ ከእኔ የተሻለ ልብ አላት። እንዴት እንደሰደበችኝ ብትሰማ!

ገብረየስ፦ እንግዲያው አምነናት በእጇ እንስጣት። እሷ ራሷ ካልከፈተቻት ገደሉ ላይ የሚከፍታት የለም። መጀመሪያ ቤት ውስጥ አስሬ አስከፍታታለሁ፤ ሦስቴ፣ አይኗን ጨፍና። ከዚያም በኋላ መታሰር እምቢ ካለች እኔም አብሬያት እምቢ እላለሁ።

ስንሻው፦ ትመጣለህ? አንተ ራስህ?

ገብረየስ፦ ቀበቶውን ጠቅልልልኝ። መዶሻዬ የት ገባ? ተወው፣ አያስፈልግም። ተሸካሚ ስንት አለህ?

ስንሻው፦ አምስት። ስድስተኛው የወንዙን ድምፅ ሰምቶ ቀረ።

ገብረየስ፦ ከኋላ እኔ እይዛለሁ። ፊት ቀኙንስ ማን ይይዛል?

ስንሻው፦ ...ከኔ በቀር ቁመቱ የሚበቃ የለም። አያ ገብረየስ፣ እኔ ራሴን አላምንም። ውሃው ደረቴ ሲደርስ ያ እጅ እንደገና ቢከፈትስ? በልጄ ላይ? ከእንጨቱ ጋር ቋጥረኝ። አጥብቀህ፣ ከስር፣ እንዳልፈታ አድርገህ!

ገብረየስ፦ አልቋጥርህም። የታሰረ ሰው ሲሰምጥ አንዴ አይቻለሁ፣ ይበቃኛል።

ስንሻው፦ ብለቅስ?

ገብረየስ፦ ቀበቶው ረጅም ነው፤ እሷን ዞሮ አንተ ወገብ ድረስ ይመጣል።

ስንሻው፦ በአንዲት ዘለበት? ሁለታችንን?

ገብረየስ፦ ሁለታችሁንም። መክፈቻዋ ግን በየሻረግ እጅ ነው፤ ዛሬ ወንዙ መሃል የምትለቀቀው ልጅህ ስትለቅህ ነው።